ምክንያቱን የማያውቅ ፈራሚ

የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 ካቢኔያቸው ሥልጣን መልቀቁን ለንጉሡ ሊያሳውቁ ወደ ቤተ መንግሥት የሄዱት በብስክሌት ነበር። መንግሥታቸውን ያወረደው ለሕፃናት ማዋያ የሚከፈል ድጎማ ነው። ከድጎማው ጀርባ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ምሕረት የማያውቅ ሕግ፣ ለዓመታት ከመሥሪያ ቤቱ ጎን የቆሙ ዳኞች፣ እንዲሁም ለወላጆች የአጭበርባሪነት ስጋት ነጥብ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሞዴል ነበሩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኃላፊነት ስለመጠቀም የሚወጣ ማንኛውም ደረጃ፣ መርሕ ወይም ማዕቀፍ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ጉዳይ ያስቆመው ነበር ወይ ብዬ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። በአገሪቱ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ለልጆች ማዋያ ከሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ቀሪውን ከኪሳቸው ያሟላሉ። ማመልከቻውን የሚቀበለው የግብር መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከቀደሙ ማመልከቻዎች እየተማረ የሚሄድ ሞዴል ሥራ ላይ አዋለ። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ አመልካች ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መካከል ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ወደ አንድ የተጠጋ ሰው ፋይሉ ተመዝዞ ሠራተኛ ዘንድ ይቀርባል። ነጥቡን ከሚወስኑት መለኪያዎች አንዱ አመልካቹ የኔዘርላንድስ ዜግነት ያለው መሆን አለመሆኑ ነበር።

ሠራተኛው ፋይሉን ይከፍታል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳሰፈረው፣ ነጥቡ ከፍተኛ መሆኑን ያውቃል እንጂ ለምን ከፍ እንዳለ የሚነግረው የለም። እንግዲህ ምን ያድርግ? ፊቱ የቀረበው ሰው አስቀድሞ ተጠርጥሯል፤ ስለዚህ አጥፍቷል ወይ ብሎ ከመጀመር ይልቅ ምን እንዳጠፋ ይፈልጋል። ፈላጊ ደግሞ አያጣም። አንዱ ወረቀት ላይ ፊርማ ጎድሏል፤ ወላጁ ከኪሱ ማሟላት ከነበረበት ጥቂት ዩሮ ሳይከፈል ቀርቷል። ሕጉ በወቅቱ ይተረጎም በነበረበት መንገድ እንዲህ ያለች ጉድለት የዓመቱን ድጎማ በሙሉ ታስመልስ ነበር። በአሥር ሺዎች ዩሮ የሚቆጠር ዕዳ በአንድ ደብዳቤ ቤት ይገባል። ወላጁ «ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት» አጥፍቷል የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ዕዳውን ከፋፍሎ የመክፈል ዕድሉም ይዘጋበታል።

ተጎጂዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ናቸው። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ሥራቸውን የለቀቁ አሉ። ከተጎዱት ቤተሰቦች ከ1,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ አሳዳጊ እጅ ወድቀዋል። አቤቱታ ሳይቀርብ ቀርቶ አይደለም፤ ቀርቧል። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን እስከ ኦክቶበር 2019 ድረስ ሁሉንም አስመልስ የሚለውን ትርጓሜ ሲያጸና ኖሯል። ነገሩን ፀሐይ ያስሞቁት አንዲት የሄልሞንድ ጠበቃ፣ ሁለት የፓርላማ አባላትና የማይታክቱ ጋዜጠኞች ናቸው። በዲሴምበር 2020 የወጣው የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ሪፖርት ርእሱ «ታይቶ የማይታወቅ ግፍ» የሚል ነበር። መንግሥት ለእያንዳንዱ ተጎጂ ወላጅ 30,000 ዩሮ ካሣ ቃል ገባ። ከዓመት በኋላ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ የግብር መሥሪያ ቤቱን 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ መንግሥት ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ ወደ ሌላው ከተተ ማለት ነው።

ሁሉንም በማሽኑ ማላከክ ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት ነው። ምልክቱን የለጠፈው ሰው ነው። ማሽኑ ያደረገው ነገር ጥርጣሬውን በአንድ አቅጣጫ ማጉረፍና ለጠርጣሪው የቁጥር ሽፋን መስጠት ነው። ብዙ ማዕቀፎች እንደ ዋና መድኃኒት የሚያዙት «የመጨረሻው ውሳኔ በሰው እጅ ይሁን» የሚለው መርሕ የማያሳምነኝ ለዚህ ነው። በኔዘርላንድስ ውሳኔው በሰው እጅ ነበር። ሰውየው ፈርሟል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ የጸናው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በማሽን ብቻ ከሚሰጥ ውሳኔ ሰውን ይጠብቃል፤ ሠራተኛ የፈረመበትን ወረቀት ግን «በማሽን ብቻ የተሰጠ» ለማለት ያስቸግራል። ፊርማው ባይኖር ኖሮ ወላጁ የተሻለ መከራከሪያ ይኖረው ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ማዕቀፍ እንደ አሸን ፈልቷል። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት መርሖች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በኖቬምበር 2021 የዩኔስኮ ምክረ ሐሳብ በ193 አባል አገሮች ጸደቀ። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የስጋት አስተዳደር ማዕቀፉን በጃንዋሪ 2023 አወጣ። የአፍሪካ ኅብረት አህጉራዊ ስትራቴጂ የጸደቀው በጁላይ 2024 ነው። እነዚህን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል፤ ግልጽነት፣ ፍትሐዊነት፣ ተጠያቂነት፣ ደኅንነት እያሉ ይሄዳሉ። የአሜሪካውን ከሌሎቹ ለይቼ የምወደው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ቢሆንም የሚጠይቀው ጥያቄ ተግባራዊ ስለሆነ ነው፦ ሥርዓቱ ማን ላይ ያርፋል? ሲሳሳት እንዴት ይለካል? የማቆም ሥልጣንስ የማን ነው?

በዲሴምበር 2023 ደግሞ አይኤስኦ 42001 መጣ። ይህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የአስተዳደር ሥርዓት የወጣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን የምስክር ወረቀት ያሰጣል። እኛ አገር አይኤስኦ 9001 ያገኘ ፋብሪካ በር ላይ የሚሰቀለውን ባነር የማያውቅ የለም። ያ ወረቀት የሚመሰክረው ድርጅቱ ሥራውን በሥርዓት የሚመራ መሆኑን ነው፤ ከማምረቻው የወጣው ዕቃ ጥሩ መሆኑን አይደለም። አዲሱም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ስጋቱን መዝግቧል፣ ኃላፊ መድቧል፣ በየጊዜው ይገመግማል ይላል። ሞዴሉ ትናንት አንዲትን እናት በስህተት አጭበርባሪ ማለት አለማለቱን አይነግረንም። ወረቀቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያለ መዝገብ ምርመራ የለም። ግን ባነሩ ሲሰቀል አብሮ የሚሰቀል የሕሊና ዕረፍት አለ፤ የምፈራው እሱን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ከዚያችው አገር የተገኘ ሌላ ታሪክ ነው። የአምስተርዳም ከተማ አስተዳደር ከቅሌቱ በኋላ ለማኅበራዊ ድጋፍ ከሚያመለክቱት መካከል ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን የሚለይ ሞዴል ሊሠራ ተነሣ። ስሙን ብልህ ፍተሻ አለው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት እንዲሆን ተወሰነ። ዜግነትና ጾታ ከመለኪያዎቹ ወጡ፤ 15 መለኪያዎች ብቻ ቀሩ። ምክንያቱን መተንተን የሚቻልበት የሞዴል ዓይነት ተመረጠ። አማካሪ ድርጅት ገብቶ አየው፤ አድሎ መኖር አለመኖሩ ተለካ። ድጋፍ ተቀባዮችና ተሟጋቾቻቸው የሚገኙበት የከተማዋ አማካሪ ምክር ቤትም ሐሳብ ተጠየቀ። የሚባለው ሁሉ ተደረገ።

ልኬቱ ሲመጣ ሞዴሉ ስደተኞችን በስህተት ይጠረጥር ነበር። ዜግነት እንደ መለኪያ ሳይገባ ይህ እንዴት ሆነ? የተማረበት መዝገብ ቀድሞ ሠራተኞች የመረመሯቸው ሰዎች መዝገብ ነው፤ ሠራተኛ የጠረጠረውን ሰው ደጋግሞ መርምሮ ከሆነ ጥርጣሬው በመዝገቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የመኖሪያና የገቢ ሁኔታን የመሳሰሉ ሌሎች መለኪያዎችም የተሰረዘውን በጓሮ በር መልሰው ሊያስገቡ ይችላሉ። ባለሙያዎቹ መዝገቡን እንደገና መዝነው አስተካከሉት፤ አድሎው በወረቀት ላይ ጠፋ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2023 በእውነተኛ ማመልከቻዎች ላይ ሞከሩት። አድሎው ፊቱን አዙሮ ተመለሰ፤ አሁን በስህተት የሚጠረጠሩት የአገሪቱ ዜጎችና ሴቶች ሆኑ። በዚህ ላይ ሞዴሉ ከሠራተኞቹ የተሻለ አልለየም። ከተማዋ ሥራውን አቆመች።

ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ብዙዎችም እንደ ውድቀት ቆጠሩት። እኔ ግን የኃላፊነት ማዕቀፍ ሥራውን ሲሠራ ያየሁበት ምሳሌ ቢኖር ይሄ ነው። የተሞከረው በቁጥር ነበር፣ ቁጥሩ አልተደበቀም፣ «ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታልና ይቀጥል» አልተባለም። ማዕቀፍ መልካም ይሁን አይሁን በዚህ ይለካ ባይ ነኝ፦ እስካሁን ያስቆመው ሥርዓት አለ ወይ? አንድም ጊዜ «አይሆንም» ያላለ የግምገማ ኮሚቴ የይለፍ ማኅተም መቺ ነው። የአምስተርዳሙ ታሪክ አንድ የሚከነክን ነገርም አለው። ድጋፍ ተቀባዮቹ የተወከሉበት ምክር ቤት ሐሳቡን አስቀድሞ ተቃውሞት ነበር። ባለሙያዎቹ የደረሱበትን እነሱ ያለ ሒሳብ ቀድመው ደርሰውበታል፤ ግን ተቃውሟቸው የማስቆም ሥልጣን አልነበረውም።

ማዕቀፎቹ «ፍትሐዊ ይሁን» ሲሉ የሚዘሉት አንድ ከባድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም ተከሳሾች ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸውን የሚገምተውን ኮምፓስ የተባለ ፕሮግራም መረመረ። ዳግም ካልበደሉት መካከል ጥቁሮቹ በስህተት «አደገኛ» የመባል ዕድላቸው ከነጮቹ ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። የፕሮግራሙ ባለቤት ድርጅት ደግሞ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኙ ነጭና ጥቁር ዳግም የመበደል መጠናቸው ተቀራራቢ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም በቁጥራቸው ልክ ነበሩ። በቡድኖቹ መካከል የተመዘገበው የወንጀል መጠን ከተለያየ ሁለቱን ዓይነት እኩልነት በአንድ ላይ ማሟላት እንደማይቻል የሒሳብ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ አረጋገጡ። ስለዚህ አንዱ መመረጥ አለበት። ምርጫው የፖለቲካ እንጂ የኢንጂነር አይደለም፤ ማን እንደመረጠውና ለምን እንደመረጠው ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

ተጽፎ መቀመጥ ካልን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውን ተመራማሪ ትምኒት ገብሩን አለማንሣት ንፉግነት ነው። ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የገበያ ፕሮግራሞችን ፈትኖ፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ፣ ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን ቢበዛ 0.8 በመቶ መሆኑን አሳየ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያው ዘመን የሆነው ሌላው ሥራዋ ግን ለያዝነው ነገር ይበልጥ ይቀርባል። ትምኒት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረች ናት። በዚያ ሙያ እያንዳንዷ ጥቃቅን ዕቃ ስንት ቮልት እንደምትችል፣ በምን ሙቀት እንደምትሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ነው የምትሸጠው። ለማሽን ማስተማሪያ የሚሆን የመረጃ ክምችትስ ለምን ወረቀት አይኖረውም? ከየት መጣ፣ ማን ሰበሰበው፣ እነማን ጎድለውበታል፣ ለምን ሥራ መዋል የለበትም? ይህን ሐሳብ ያቀረቡት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው። ዛሬ ከአውሮፓ ሕግ እስከ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ድረስ የተለመደ ጥያቄ ሆኗል።

የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከምክር ወደ ግዴታ የተሻገረው ማዕቀፍ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 የጸናው ይህ ሕግ አንዳንድ አጠቃቀሞችን ከነጭራሹ ከልክሏል፤ የተከለከለውን የሠራ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢውን 7 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። የመንግሥት ድጋፍ ማን ይገባዋል፣ ማን ብድር ይሰጠው የሚሉትን የሚወስኑ ሥርዓቶች ደግሞ «ከፍተኛ ስጋት» ተብለው ብዙ ግዴታ ተጭኖባቸዋል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ አንቀጽ 86 ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት የተሳተፈበት ውሳኔ ክፉኛ የነካው ሰው ሥርዓቱ በውሳኔው ውስጥ ምን ሚና እንደነበረውና ዋና ዋና ምክንያቶቹ ምን እንደሆኑ ግልጽ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ለፈራሚው ሠራተኛም መብት የሰጠው ይመስለኛል፤ እሱ ራሱ ያልተነገረውን ምክንያት ለሌላው ማብራራት አይችልምና። የከፍተኛ ስጋቱ ምዕራፍ ሊጸና የታቀደው ለኦገስት 2026 ሲሆን የአውሮፓ ኮሚሽን ግን በኖቬምበር 2025 እንዲራዘም ሐሳብ አቀረበ። ኩባንያዎቹ ዝግጁ አይደለንም ብለው ነበር። ኩባንያ ዝግጁ ነኝ ብሎ ያውቃል?

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ ስልኩን ያውጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቴሌብር የብድርና የቁጠባ አገልግሎት ጀመረ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» በሚል ስም ያለ መያዣ ማበደር ከጀመረ ቆይቷል። ለዘመናት ባንክ የሚያበድረው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ለያዘ ሰው ነበር። ጉሊት የምትቸረችር ሴት በሒሳቧ እንቅስቃሴ ብቻ ተመዝና ብድር ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው አራጣ ተበድሮ አያውቅም።

እንበልና ይህች ሴት አንድ ቀን ከአንዱ አበዳሪ ብድር ስትጠይቅ ስልኳ ላይ «ለጊዜው ብቁ አይደሉም» የሚል መልእክት መጣላት። ሲሟ ጠፍቶ አዲስ አውጥታ ይሆናል። ደንበኞቿ የሚከፍሏት በባለቤቷ ስልክ ይሆናል። ሁለት ወር ታምማ ተኝታ ይሆናል። ወይም እውነትም መክፈል አትችል ይሆናል። ደውላ ብትጠይቅ የምታገኘውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ሲስተሙ ነው»። «ሲስተም የለም» ተብሎ ስንቴ ከመስኮት ለተመለሰ ሕዝብ «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚለው እንግዳ አይሆንበትም። አደጋውም ይኸው ነው፤ ለምደነዋል። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ክፋት የለባትም፤ እሷም አታውቅም።

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. አጽድቋል። በዚያው ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት ሰጥቶ፣ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስረክቧል። ለእኔ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያወራ ሕግ ነው፦ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ውሳኔውን ሰው ይስጠው ማሽን አዋጁ አይለይም። ነገ አንድ መሥሪያ ቤት ግብር ከፋይን ወይም ድጋፍ ጠያቂን በሞዴል እየመዘነ ቢመልስ «ሲስተሙ ነው» የሚለው መልስ በዚህ አዋጅ ፊት ምክንያት ተብሎ አይቆምም ብዬ ነው የማምነው።

የጉሊቷ ሴት ግን በዚህ አዋጅ አትጠለልም፤ አበዳሪዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ገበያ ላይ ያለ ድርጅት ነውና። መረጃዋ ትክክል መሆኑን በዳታ ጥበቃው አዋጅ ብታረጋግጥ እንኳ ከዚያ ትክክለኛ መረጃ ተነሥቶ «አይገባሽም» የተባለበትን ስሌት መጠየቂያ መንገድ ያስፈልጋታል። ለዚህ የሚበቃው ነገር ትንሽ ነው። የክልከላው መልእክት ከዋና ዋና ምክንያቶቹ ሁለት ወይም ሦስቱን በቋንቋዋ ይንገራት፤ ከሥሩም ውሳኔውን የመቀልበስ ሥልጣን ያለው ሰው የሚያነሣው ስልክ ይጻፍ። አበዳሪው በየዓመቱ ስንት ሰው በዚያ ስልክ ደውሎ ስንቱ እንደተቀለበሰለት ለተቆጣጣሪው ያሳውቅ። የተቀለበሰው ዜሮ ከሆነ ተቆጣጣሪው ማየት የሚጀምረው ከዚያ ድርጅት ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅም አዲስ ኢንስቲትዩትም አያስፈልግም፤ የብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ ይበቃል።